ኮዱን የጻፈው ልጅ ሄዷል፣ የኢንተራፕት ኮንትሮለሩን ዶክመንት እኔ ልጻፍ ተባልኩ፣ ከየት ልጀምር?

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ፦

ሰላም ለዚ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አራት ሆነን ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) እየጻፍን ነው፣ ለመማር ነው እንጂ ሊኑክስን ልንተካ አይደለም፣ 32 ቢት ኤክስ86 ላይ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እንሰበሰባለን። የኢንተራፕቱን ክፍል፣ ማለት መሳሪያዎች ፕሮሰሰሩን አስቁመው እየኝ ሚሉበትን፣ ብቻውን የጻፈው ልጅ ባለፈው ወር ውጭ ሀገር ስራ አግኝቶ ሄደ፣ ትቶልን የሄደው 900 መስመር ገደማ ኮድና አንድ ኮሜንት ነው፣ ኮሜንቱ "ይሰራል አትንኩት" ይላል። ቴሌግራም ላይ ስንጠይቀው "ዳታሺቱ ላይ አለ" ብሎ ይመልሳል፣ የቺፑን አምራች መግለጫ ማለቱ ነው። አለ እኮ፣ ዳታሺቱ ላይ ሁሉም ነገር አለ፣ ችግሩ እሱ ነው።

እና ዶክመንት ይጻፍለት ተባለና እጣ ተጣለ፣ ለኔ ወጣ። በህይወቴ የወጣልኝ ብቸኛ እጣ ይሄ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ የአክስቴ ነው።

እስካሁን ያረኩት ነገር ቢኖር ሶስቱን ኮንትሮለሮች፣ የድሮውን 8259ን፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ሎካል ኤፒክን እና ከመሳሪያዎች ሚቀበለውን አይኦ ኤፒክን፣ ሬጂስተር በሬጂስተር ወደ አማርኛ መገልበጥ ነው። 11 ገጽ ሆነ። ለአንዱ ጓደኛዬ አስነበብኩት፣ አንብቦ ሲጨርስ "ቆንጆ ነው፣ ግን አሁንም ኪቦርዱ ለምን እንደሚሰራ አላወኩም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም አላወኩም።

ሌላው ነገር፣ ኪውኢሙ (ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ ሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ሁሉም ይሰራል፣ ታይመር፣ ኪቦርድ፣ ኔትወርክ። ግን አንድ ያገለገለ ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ ገዝተናል፣ ሪያልቴክ 8139 የኔትወርክ ካርድ የተሰካበት፣ እሱ ላይ ስናስነሳው ታይመሩና ኪቦርዱ ሰላም ናቸው ኔትወርኩ ግን ጭጭ። አንድም ኢንተራፕት አይመጣም። ከዶክመንቱ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እንጃ፣ ብቻ "ይሰራል" ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ደሞ ኢንተራፕትን በአማርኛ ምን ልበለው? "አቋራጭ" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ልጆቹ የመንገድ መሰላቸው።

ወራጅ_አለ፦

ቃሉን ተወው ወንድሜ፣ ኢንተራፕት ብለህ ጻፍ። ሚከብደው ቃሉ አይደለም።

እኔ ለተማሪዎች ሳስረዳ ሁሌ በታክሲ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ሚሄድ ሚኒባስ አስብ። ሹፌሩ ፕሮሰሰሩ ነው፣ መንገዱን እያየ ይነዳል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየተነሳ ትከሻውን እየነካ እዚጋ አውርደኝ እዛጋ አውርደኝ ቢለው ገደል ነው ሚገባው። ስለዚ ወያላ አለ። ኮንትሮለር ማለት ወያላ ነው በቃ። ተሳፋሪው "ወራጅ አለ" ይላል፣ ሁለት ሶስት ሰው አንዴ ካለ ወያላው ማን ይቅደም ብሎ ይመርጣል፣ ለሹፌሩ ይነግራል፣ ሹፌሩ ያቆማል፣ ሰውዬው ይወርዳል፣ ከዛ ሹፌሩ "ጨርሻለሁ፣ ቀጣይ ካለ በል" ይለዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ኢኦአይ (ኤንድ ኦፍ ኢንተራፕት) ናት። ኢኦአይ እስኪሰጠው ድረስ ወያላው ከበፊቱ የባሰ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር ሌላ ወራጅ አይናገርም።

አሁን ኤጅ እና ሌቭል ሚባለውን እይ፣ መሳሪያው እንዴት እንደሚጮህ ማለት ነው። ኤጅ ማለት አንዴ "ወራጅ" ብሎ ዝም ሚል አይናፋር ተሳፋሪ ነው፣ ወያላው ካልያዘለት ፌርማታው ያልፈዋል፣ ደግሞ አይናገርም። ሌቭል ማለት ደሞ እግሩ መሬት እስኪነካ ድረስ "ወራጅ ወራጅ ወራጅ" ሚለው ነው። እሱን ሳታወርደው "ጨርሻለሁ" ካልክ ወያላው እንደገና ያስቆምሃል፣ እንደገና፣ እንደገና፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። ኢንተራፕት ስቶርም ሚሉት እሱ ነው። ስፑሪየስ ደሞ ሹፌሩ አቁሞ ዞር ሲል ማንም የማይወርድ ሲሆን።

እና ዶክመንትህ ላይ ዳታሺት አትገልብጥ፣ ለያንዳንዱ መሳሪያ ይሄን መልስ፦ ማነው ሚጮኸው፣ እስከመቼ ነው ሚጮኸው፣ ምን ስታደርገው ነው ዝም ሚለው፣ እና መጀመሪያ ዝም ሚያሰኘው ተሳፋሪው ነው ወይስ ለወያላው ነው ሚነገረው። ጓደኛህ "ኪቦርዱ ለምን እንደሚሰራ አላወኩም" ያለው እኮ ይሄ ስለሌለ ነው።

ጡረተኛው፦

ልጆች እንደምን አመሻችሁ። የታክሲውን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ነገር ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ወያላውን ማን ቀጠረው? ለምን እንደዚህ ሆነ? ዶክመንት ላይ "ለምን" ካልተጻፈ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ "ይሄ መስመር ምን ይሰራል" ብሎ ያጠፋዋል።

እኔ ፒሲ ስጠግን ነው ያረጀሁት፣ አሁን ለገጣፎ ጓሮዬ ውስጥ ጎመን እተክላለሁ። ስለዚህ ስለ 8259 ልንገራችሁ፣ እሱ ነው የኔ ዘመን። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ አንድ 8259 ብቻ ነበረው፣ 8 መስመር ማለት ነው። በ1984 ኤቲው ሲመጣ ሁለተኛ ጨመሩና የመጀመሪያው ቺፕ 2 ቁጥር መስመር ላይ ሰኩት። ለዚህ ነው ሁለት ስምንት 16 ሳይሆን 15 የሚሆነው፣ አንዱ መስመር ለመገናኛ ተበልቷል።

አሁን ዋናው። ኢንቴል የመጀመሪያዎቹን 32 ቬክተሮች (ፕሮሰሰሩ ኢንተራፕቶችን የሚለይባቸው ቁጥሮች) ለራሴ ይቀመጡ ብሎ ነበር፣ አይቢኤም አልሰማውም፣ የ8259ን መስመሮች ከ8 እስከ 15 ላይ አስቀመጣቸው። በሪያል ሞድ፣ በድሮው 16 ቢት አሰራር ዘመን ያን ያህል አልጎዳም። እንደናንተ ከርነል ፕሮቴክትድ ሞድ ስትገቡ ግን ቬክተር 8 ደብል ፎልት ነው፣ ፕሮሰሰሩ አንድ ስህተት ሲያስተናግድ ሌላ ስህተት ሲገጥመው የሚመጣው። ስለዚህ ቺፑን ሳታዛውሩ ኢንተራፕት ከከፈታችሁ የመጀመሪያዋ የታይመር ምት ደብል ፎልት መስላ ትመጣለች፣ እናንተም ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ። የናንተ ልጅ ኮድ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ወደ ሄክስ 20፣ 21 እና ወደ ሄክስ ኤ0፣ ኤ1 (የሁለቱ 8259 አድራሻዎች) የሚጽፍ ነገር አለ አይደል? ያ ነው። ወደ 32 እያዛወራቸው ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ሁሉንም ማስክ ያደርጋል፣ ማለትም መስመሮቹን ይዘጋል ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም የምትጠቀሙት አይኦ ኤፒክን ነው። ይሄኔ ነው አንድ ጎበዝ ልጅ መጥቶ "ካልተጠቀምንበት ለምን እናዛውረዋለን" ብሎ የሚያጠፋው። አይጠፋም! 8259 ማስክ ተደርጎም ቢሆን ስፑሪየስ ሊልክ ይችላል። መስመሩ ጮሆ ፕሮሰሰሩ "ማነው?" ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ጩኸቱ ከጠፋ፣ ቺፑ አላውቅም ማለት ስለማይችል 7 ብሎ ይመልሳል፣ ሁለተኛው ቺፕ ከሆነ 15። ካላዛወራችሁት እሱ 7 ከ8 ተነስቶ ሲቆጠር ቬክተር 15 ላይ፣ ማለትም የኢንቴል ክልል ውስጥ ይወድቃል። ይሄን ጻፉ፣ ከኮዱ አጠገብ ጻፉ።

ስለ ስፑሪየሱም አንድ ነገር። 7 ሲመጣ ኢን ሰርቪስ ሬጂስተሩን፣ አሁን የሚስተናገደውን የሚያሳየውን፣ አንብቡ፣ 7ኛው ቢት ካልበራ ውሸት ነው፣ ኢኦአይ አትላኩ። 15 ሲሆን ግን ለሁለተኛው አትልኩም፣ ለመጀመሪያው ትልካላችሁ፣ እሱ በ2 ቁጥር በኩል እውነት መስሎት ተመዝግቧልና። ይሄን ያወቅሁት አንድ ሙሉ የትንሳኤ በዓል አበላሽቼ ነው፣ ዶሮ ወጡ ቀዝቅዞ።

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እውነትም አለ፣ ደሞ እውነትም ልናጠፋው ነበር! አንዱ ጓደኛችን "ያረጀ ኮድ ማጽዳት" ብሎ ብራንች ከፍቶ ነበር፣ አሁን ደውዬ አስቆምኩት። የእርስዎን ጽሁፍ እንዳለ ኮሜንት ላድርገው?

ጡረተኛው፦

አድርገው ልጄ። ዶሮውን አውጣው ብቻ።

ሰበታ_ማታ_ሽፍት፦

የኔትወርኩን ጉዳይ ማንም አልነካውም እኮ። እኔ እሱ ነው የሳበኝ፣ ምክንያቱም ችግሩ የዶክመንት ችግር ይመስለኛል።

ሁለት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ኮዳችሁ የ8139ን የኢንተራፕት ቁጥር ከየት ነው ሚያመጣው? ሁለተኛ፣ አይኦ ኤፒኩ ላይ ኢንትሪ ሲሞላ ትሪገርና ፖላሪቲ (ኤጅ ይሁን ሌቭል፣ መስመሩ ከፍ ሲል ይሁን ዝቅ ሲል) ከየት ነው ሚያገኘው?

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ፦

እህቴ ይቅርታ ዘገየሁ፣ ከትላንት ጀምሮ መብራት የለም፣ ባትሪ ቻርጅ ላረግ ቱሉ ዲምቱ ካፌ ድረስ መጥቼ ነው ምጽፈው።

አንደኛው፣ ከፒሲአይ (ካርዱ ሚሰካበት መስመር) ኮንፊግ ስፔስ ሄክስ 3ሲ ላይ ያነበዋል፣ ኢንተራፕት ላይን ሚባለውን። ኪውኢሙ ላይ 11 ይመጣል፣ ዴስክቶፑም ላይ 11 ነው ሚመጣው። እሱን ቁጥር ወስዶ አይኦ ኤፒክ ፒን 11 ላይ ይመዘግባል። ሁለተኛው፣ አንድ ፈንክሽን አለ፣ ለሁሉም ኤጅ እና አክቲቭ ሃይ ነው ሚሞላው፣ ፓራሜተር እንኳን የለውም።

ሰበታ_ማታ_ሽፍት፦

አገኘነው በይ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ አሁን፣ ሰራተኞቹ ዞር ብለው አዩኝ።

ስማ፣ እዛ 3ሲ ላይ ያለውን ቁጥር ሚጽፈው ባዮሱ ነው፣ ሚጽፈውም ለ8259 ዘመን ነው። "በድሮው ቺፕ ብትሄድ 11 ላይ ታገኘዋለህ" ማለቱ ነው። አይኦ ኤፒክ ስታበራ ግን ያው ካርድ ሌላ ፒን ላይ ነው ሚመጣው፣ እንደናንተ አይነት ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ16 በላይ። ኪውኢሙ ላይ ለምን ሰራ ካልከኝ፣ ያለምንም ኦፕሽን ስታስነሳው ሚሰጥህ የድሮው አይ440ኤፍኤክስ ማሽን ነው፣ እሱ ላይ የፒሲአይ ካርዶች አይኦ ኤፒክም ላይ 10 እና 11 ላይ ነው ሚወጡት። በአጋጣሚ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆኑ፣ ልጁም "ይሰራል አትንኩት" ብሎ ጻፈ። አልዋሸም፣ ግን የት እንደሚሰራ አልጻፈም።

ለዛ ነው የዶክመንት ችግር ነው ያልኩህ። አንድ ኢንተራፕት ቢያንስ ሶስት ቁጥር አለው፣ ሰው ሁሉንም "አይአርኪው" እያለ ሲጠራቸው ነው ሚምታታው። አንደኛው የድሮው ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 15 ያለው። ሁለተኛው የአይኦ ኤፒክ ፒን፣ ኤሲፒአይ (ፊርምዌሩ ስለ ማሽኑ ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ሚነግርበት ስታንዳርድ) ጂኤስአይ ሚለው። ሶስተኛው ቬክተር፣ ፕሮሰሰሩ ሚያየው፣ እሱን እናንተ ናችሁ ምትመርጡት። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሚወስደው የኤሲፒአይ ማድት ቴብል ነው፣ ኦቨርራይድ ሚባሉት ኢንትሪዎች፣ ለምሳሌ የድሮው ታይመር 0 ነው እያልክ ፒን 2 ላይ ታገኘዋለህ። እሱ ግን ለአይኤስኤ መሳሪያዎች፣ እንደ ታይመርና ኪቦርድ ላሉት ለድሮዎቹ ብቻ ነው። ለፒሲአይ ፒአርቲ ሚባል ሌላ ቴብል አለ፣ ችግሩ ኤኤምኤል (የኤሲፒአይ የራሱ ቋንቋ) ኮድ ውስጥ ነው ያለው፣ ኢንተርፕሪተር ይፈልጋል፣ ደሞ ፊርምዌሩን መጀመሪያ ፒክ ሚባለውን ሜተድ በ1 ጠርታችሁ "እኛ በኤፒክ ነን" ካላላችሁት የድሮውን ቴብል ሊሰጣችሁ ይችላል። ፔንቲየም 4 ከሆነ ግን ቀላል መንገድ ሊኖር ይችላል፣ የመልቲፕሮሰሰር ስፔክ ቴብል ካለው እሱ ዝም ብሎ ሚነበብ ቴብል ነው፣ ኢንተርፕሪተር ምናምን የለም።

ለአሁኑ ግን እንደዚ አርግ፣ ዴስክቶፑ ላይ ሊኑክስ ከፍላሽ አስነሳና ፕሮክ ውስጥ ያለውን የኢንተራፕትስ ፋይል ክፈተው፣ የኔትወርክ ካርዱ ስም አጠገብ ፒኑ ተጽፏል። ቁጥሩን ንገረኝ።

ዶክመንት_ጠላት፦

ይሄ ሁሉ ድራማ ለምን? ኮዱ ራሱ ዶክመንት ነው። ኮዱን በደንብ ጻፉት፣ ስም በደንብ ስጡት፣ በቃ። ዶክመንት እኮ በሳምንቱ ያረጃል፣ ከዛ ውሸታም ይሆናል። ውሸታም ዶክመንት ከሌለ ዶክመንት ይብሳል።

ወራጅ_አለ፦

ግማሹን እስማማለሁ። ግማሹን ግን አይ።

አይኦ ኤፒክ እንዴት እንደሚነበብ ታውቃለህ? ሁለት ሬጂስተር ነው በሜሞሪ ሚታየው፣ አንዱ ላይ ምትፈልገውን ቁጥር ትጽፋለህ፣ በሌላው በኩል ታነባለህ ወይ ትጽፋለህ። ኮዱ ሁለት መስመር ነው፣ ንጹህ ነው፣ ስሙም ያምራል። አሁን በሁለቱ መስመር መሀል ኢንተራፕት ይምጣና ሃንድለሩ (ኢንተራፕቱን ሚያስተናግደው ኮድ) ራሱ አንድ ፒን ማስክ ሊያደርግ ያንኑ ቁጥር መምረጫ ይንካው፣ ስትመለስ የሌላ ሰው ፒን ላይ ነው ምትጽፈው። ኮዱ "በመሀል ማንም እንዳይገባ" አይልም። ከላይ ሎክ ብታይ እንኳን ለምን ኢንተራፕት ተዘግቶ እንደተያዘ አይነግርህም። ደሞ ኢንትሪው 64 ቢት ነው፣ በሁለት 32 ነው ሚጻፈው፣ መጀመሪያ ማስክ አርገህ ላይኛውን ጽፈህ ታችኛውን መጨረሻ ነው ምትጽፈው፣ ካለበለዚያ መድረሻው ሳይስተካከል በሩ ይከፈታል። ይሄን ቅደም ተከተል ሰው አይቶ "ባገላብጠውስ" ቢል ኮዱ ምን ብሎ ይመልስለታል? ዝም ነው ሚለው።

ያረጃል ላልከው፣ ልክ ነህ፣ ለዛ ነው ኮዱ አጠገብ፣ እዛው ሪፖ ውስጥ፣ በዛው ኮሚት መቀየር ያለበት። ሌላ ቦታ ዎርድ ፋይል ላይ ከተጻፈ አዎ ይበሰብሳል።

ዶክመንት_ጠላት፦

እሺ የሁለቱ ሬጂስተር ነገር ገባኝ፣ ያቺ ትጻፍ። 11 ገጹ ግን ይቃጠል።

ፓይ_ላይ_ነኝ፦

አንዲት ነገር ጣል ላርግና ልሂድ፣ እኔ ራስበሪ ፓይ 4 ላይ ነኝ፣ እዛ ጂአይሲ 400 ነው ኮንትሮለሩ። የቁጥሩ በሽታ እዛም አለ። ዲቫይስ ትሪው (የማሽኑን መሳሪያዎች ሚዘረዝረው ፋይል) ላይ ለአንድ መሳሪያ ምታየው ቁጥር ከ0 ነው ሚጀምረው፣ ሃርድዌሩ ላይ ግን እነዛ የጋራ ኢንተራፕቶች ከ32 ነው ሚጀምሩት፣ ከ0 እስከ 15 ኮሮቹ እርስ በርስ ሚጠራሩበት ነው፣ ከ16 እስከ 31 የየኮሩ የግል። ስለዚ 32 መደመር ረስቼ ሶስት ቀን የሌላ መሳሪያ ስጠብቅ ነበር። እና "ቁጥር" ብላችሁ አትጻፉ፣ የማን ቁጥር እንደሆነ ጻፉ።

ደሞ ማንበብ ራሱ ስራ ሚሰራባቸውን ሬጂስተሮች ለይታችሁ በትልቁ ጻፉ። ጂአይሲ ላይ አክኖሌጅ ሬጂስተሩን ሳነበው "ወሰድኩት" ማለት ነው፣ ዲበገር ላይ ልየው ብዬ ስከፍተው ኢንተራፕቱን እበላው ነበር። ሪስክ ፋይቭ ፕሮሰሰሮች ላይም ፕሊክ ሚባለው ኮንትሮለር እንደዛ ነው፣ ማንበብ መረከብ ነው፣ ያነበብከውን ቁጥር እዛው መልሰህ ስትጽፍ መጨረስ ነው።

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ፦

መብራት መጣ!! ሊኑክስ አስነሳን፣ አይኦ ኤፒክ 18 ፋስትኢኦአይ ይላል ካርዱ ጋር። 18! 11 ላይ ማንም የለም። ባዶ ቤት በር ላይ ቆመን ነው ስናንኳኳ የከረምነው።

ለሙከራ 18 ብለን በእጅ ጻፍነውና አስነሳነው። አሁንም ጭጭ። ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ምሳ ሄዱ።

ሰበታ_ማታ_ሽፍት፦

ፋስትኢኦአይ ካለህ እኮ አይኦ ኤፒክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሌቭል ነው ማለቱ ነው፣ ኤጅ ቢሆን ኤጅ ብሎ ይጽፍልህ ነበር። እናንተ ደሞ ለሁሉም ኤጅና ሃይ ነው ምትሞሉት ብለሃል። የፒሲአይ የኢንተራፕት መስመር ሌቭል ነው፣ አክቲቭ ሎው። ማለት ካርዱ ሲጮህ መስመሩን ወደ ታች ነው ሚጎትተው፣ እናንተ ወደ ላይ ሲወጣ ንገረኝ ብላችኋል። ካርዱ ጎትቶ ይዞ ሚለቀውን ሰው እየጠበቀ ነው፣ እናንተ እንዲለቅ እየጠበቃችሁ ነው። ሁለታችሁም ትጠብቃላችሁ።

ኪውኢሙ ላይ ይሄ ለምን አልታየም ብትል፣ የኪውኢሙ አይኦ ኤፒክ ፖላሪቲ ቢቱን ትሞላለህ እንጂ አያየውም። ሃይ በለው ሎው በለው ያው ነው። 13ኛው ቢት ፖላሪቲ ነው፣ 15ኛው ትሪገር፣ ሁለቱንም 1 አርጋቸው ለፒን 18።

ጡረተኛው፦

ሌቭል ስታደርጉት ሃንድለራችሁ መጀመሪያ ካርዱን ዝም ማሰኘቱን አረጋግጡ። ካልሆነ ያ ታክሲ አይንቀሳቀስም።

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ፦

ሰራ። ፒንግ መለሰ። አራታችንም ተነስተን ጮህን፣ ከታች ያሉት እማማ ጎል የገባ መስሏቸው ማን አገባ ብለው በልጃቸው አስጠየቁን።

መጀመሪያ ግን ጋሼ እንዳሉት ነው የሆነው፣ ሌቭል እንዳረግነው ማሽኑ ደርቆ ቀረ፣ ምክንያቱም የልጁ ሃንድለር ኢኦአይ ልኮ ነበር ካርዱን ሚያጸዳው። ኤጅ ስለነበር አልታወቀም። ገልብጠን አስተካከልነው።

11 ገጹን አላቃጠልኩትም፣ አጠፋሁት። የአዲሱን መጀመሪያ እዚ ልለጥፈው፣ እረሙልኝ፦

"ኪቦርድ። የድሮ ቁጥሩ 1። ማድት ላይ ኦቨርራይድ ስለሌለው ፒኑም 1 ነው። ቬክተሩ 33፣ ይሄ የኛ ምርጫ ነው፣ ሌላ ማንም አያስገድደንም። አይኤስኤ ስለሆነ ኤጅ፣ አክቲቭ ሃይ። ሃንድለሩ መጀመሪያ ፖርት ሄክስ 60ን ያነባል፣ ባይቱን ባይፈልገው እንኳን ያነባል፣ ያለው ባይት ካልተነበበ ቀጣዩ ቁልፍ ኢንተራፕት ይዞ አይመጣም። ከዛ ለሎካል ኤፒክ ኢኦአይ።

ኔትወርክ፣ 8139። ሄክስ 3ሲ ላይ ያለው 11 የ8259 ቁጥር ነው፣ በኤፒክ አትጠቀሙበት። ፔንቲየም 4ቱ ላይ ፒን 18፣ ለጊዜው በእጅ ተጽፏል፣ ከመልቲፕሮሰሰር ቴብሉ መነበብ አለበት፣ ገና አልተሰራም። ሌቭል፣ አክቲቭ ሎው። መስመሩን ሌላ ካርድም ሊጋራው ስለሚችል ሃንድለሩ መጀመሪያ ካርዱን ሄክስ 3ኢ ላይ ይጠይቃል፣ ባዶ ከሆነ የኔ አይደለም ብሎ ይመለሳል። የበሩትን ቢቶች እዛው መልሶ ሲጽፍ ይጠፋሉ፣ ካርዱ ያኔ ነው ዝም ሚለው። ከዛ በኋላ ብቻ ኢኦአይ። ቀድሞ ከተላከ ማሽኑ ሊደርቅ ይችላል፣ አይተነዋል።

የተሞከረው፦ ኪውኢሙ እና ፔንቲየም 4። ኪውኢሙ ላይ መስራቱ ስለ ፖላሪቲ ምንም አያረጋግጥም።"

ሰበታ_ማታ_ሽፍት፦

"ገና አልተሰራም" ብለህ መጻፍህን ወደድኩት። ብዙ ሰው ያቺን ይደብቃታል።

አንድ ማስተካከያ፣ ኢንቴል ማንዋልን ስትጠቅስ "ምእራፍ 10 እይ" እንዳትል፣ ኤፒኩ ለብዙ አመት 10 ነበር፣ ከዛ ቁጥሩ ተቀየረ። የክፍሉን ስምና የማንዋሉን እትም ጻፍ። ፒዲኤፉንም አውርደህ ሪፖው አጠገብ አስቀምጠው፣ ኔትወርክ በሌለ ቀን ነው ሚፈለገው።

ጡረተኛው፦

ልጄ ጥሩ ነው። ኢኦአይ የማይላክባቸውንም ጻፍ እንጂ፣ የሚላክባቸውን ብቻ ነው የጻፍከው። ከ8259 በኩል የነገርኩህ አለ። የሎካል ኤፒኩም የራሱ ስፑሪየስ ቬክተር አለው፣ ብዙ ሰው 255 ላይ ያደርገዋል፣ ለእሱም ኢኦአይ አይላክም። የናንተ ስንት ላይ ነው?

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ፦

255 ጋሼ። አሁን ኮዱን አየሁት፣ ልጁ እሱም ላይ ኢኦአይ እየላከ ነው። አስተካክዬ ዶክመንቱም ላይ ጨምሬያለሁ፣ ኮሚት አርጌ ፑሽ ልል ስል መብራቱ ሄደ። ሲመጣ።